እጅ የሚፈታበት ቀመር

ኤድመንተን፣ የጥር ሌሊት። ምድር ቤት ነው የምሠራው፣
የበረዶ ጠራጊው መብራት በጠባቧ መስኮት ገብቶ ግድግዳዬን ቢጫ ሲያበራው።
ስክሪኔ ላይ አንድ ልጅ ቆሟል፣ «ብረቱ» ብዬ የሰየምኩት፣
አንጥረኛ እንዲሆንልኝ መዶሻ አስጨብጬ የፈጠርኩት።
የመጀመሪያው ሕጌ ቀላል ነበር፣ አንዲት መስመር፦
አንድ ጊዜ በመታ ቁጥር፣ ችሎታው ላይ አንድ ጨምር።

ሲሞከር ጉዴ ፈላ። የባልደረባዬ የብሬንት ልጅ
ቁልፉ ላይ ሳንቲም በፕላስተር ለጥፎ፣ ያለ ሰው እጅ
ሌሊቱን ሙሉ ሲያስቀጠቅጠው አደረ፤
ተኝቶ ሲነሣ ብረቱ መቶ ሞልቶ፣ ሊቀ አንጥረኛ ሆኖ ነበረ።
«ጎበዝ አይደለሁም?» አለኝ። ጎበዝማ ነው፣ እንከን አይወጣለትም፤
የኔው ልጅ ግን ባዶ መስፍ ደብድቦ የብረት ሽታ እንኳ አያውቅም።

ሁለተኛው ሕጌ መጽሐፍ ሆነ። በየመንደሩ ሸሸግኩለት፣
ስለ እሳት ቀለም፣ ስለ ወናፍ፣ ገጽ በገጽ ጻፍኩለት፤
አንድ ባነበበ አሥር ነጥብ።
አሁን ደግሞ አንባቢ እንጂ አንጥረኛ አልወጣውም።
ጉጠት ሳይዝ ስለ ጉጠት የሚተነትን ሰው
በየስብሰባው ጠግቤያለሁ፣ ሌላ አልፈልግም።

አማርኛዬን ጠየቅሁት።
ፊደል ቆጠረ ይላል፤ መቁጠሩን ማሽኔም ያውቃል።
ዳዊት ደገመ ይላል፤ መድገሙንስ ሳንቲሙም ችሎታል።
እጁ ተፈታ ሲል ግን ቆምኩ።
ማን አሰረው? በየትኛው ቋጠሮ? ስንት ዙር?
የሚፈታ ነገር እንዴት ተደርጎ ነው የሚደመር?

ከጣራዬ በላይ ወይዘሮ ኦሌስያ አሉ፣
ሠላሳ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድተው፣ ጡረታ ሲወጡ ቫዮሊን ካልገዛሁ ያሉ።
ማታ ማታ አንዲት ዜማ። መጀመሪያዋን በደህና ይሄዳሉ፣
መታጠፊያዋ ላይ ሲደርሱ፣ እዚያችው ቦታ፣ ይስታሉ።
ዝም። ከዚያ እንደገና ከላይ። ደግሞ መታጠፊያዋ። ደግሞ ዝም።
ከጥቅምት ጀምሮ ጆሮዬ ውስጥ ናቸው፤ ትራስ ብደርብም አልጠቀመኝም።

ያን ሰሞን ግን፣ ከቀመሬ ጋር ስታገል፣ ልብ አልኩ፦
ስሕተታቸው አንድ አልነበረም።
ሰኞ ቀድመው ገቡ። ማክሰኞ ዘግይተው።
ረቡዕ መታጠፊያዋን ብቻ ከሙሉው ዜማ ለይተው፣
ጠባብ መንገድ ላይ እንደሚዞር ረጅም አውቶቡስ
መስታወት እያዩ፣ ወደ ኋላ እያሉ፣ ቀስ።
ሐሙስ ማታ አለፏት።

ከወንበሬ ዘልዬ ጣራውን በመጥረጊያ እንጨት መታሁ፤
ተቆጣ ብለው ደንግጠው አቆሙ፤ በካልሲ ደረጃውን ወጣሁ።
«አለፏት እኮ!» አልኳቸው፣ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እያለ።
«ዛሬ» አሉኝ ደጋናቸውን እየወለወሉ፣ «ነገም ያው መንገድ አለ።»

ዓርብ፣ ሳቱ።

ዓርብ ሌሊት ሁሉንም ሰርዤ እንዲህ ጻፍኩ፦
ብረቱ ሲሳካለት ምንም አይጨመርለት። ሲስት፣
የሳተበትን ያስታውስ። ክንዱ ቸኩሎ ነበር?
ብረቱስ (ልጁ ሳይሆን ብረቱ) ቀዝቅዞ ነበር?
ያንኑ ስሕተት ከደገመ፣ ዜሮ። አዲስ ከሳተ፣ አንዲት ፍሬ ነጥብ።
መጽሐፉ ሳይስት በፊት ካነበበው ወረቀት ነው፤
ስቶ ከተመለሰ፣ ያው ገጽ አፍ አውጥቶ ያናግረው።
ሽማግሌው አንጥረኛም ብዙ አያውራ፤ ክርኑን ብቻ ያቅናለት።
ዛሬ የቀናው ቢላ ነገ ይጥመምበት፣ አንዳንዴ።
ቁጥሩንም ደበቅሁት። ለተጫዋቹ የቀረው ድምፅ ነው፦
መዶሻው ከመስፉ ሲነጥር የሚሰማው ቃና፣
በየቀኑ በጥቂቱ እየጠራ።

«ሰው ይሰለቻል» አለ ብሬንት ሰኞ።
ልጁ ሳንቲሙን ለጥፎ አደረ። ጠዋት መልእክት ላከ፦
«ጨዋታህ ተበላሽቷል፤ ዜሮ ላይ ነው።»
ቀኑን ሙሉ ምንም የለም።
ማታ፣ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ሌላ መጣ፦
«ቢላው ጠመመብኝ። ግን ከቅድሙ በሌላ በኩል ነው።»

መልስ ልጽፍለት ጀምሬ ተውኩት።
ከላይ ደጋኑ ክሩን ነክቶ ነበር።